ደብተሬ ላይ የተሰረዙ ስሞች

ለተከታታይ ድራማ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ወረቀት ስገለብጠው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ ቁጣውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ይህችን ደብተር ይዤ የመጣሁት ለምስክርነት ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ባታዩዋትም የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ ጠርዟ የተበላ፣ ሽፋኗ ላይ ብርጭቆ የተወው ክብ ምልክት ያለባት ተራ ባለ መስመር ደብተር ናት። ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥራዎች የሚሰጠው የኤሚ ሽልማት ምሽት በመጣ ቁጥር አንድ ገጽ እከፍታለሁ። በስተግራ የሽልማቱን ዘርፍ፣ በመካከል ያሸንፋል ያልኩትን፣ በስተቀኝ ያሸነፈውን እጽፋለሁ። ከሳትኩ የመካከሉን ስም በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ። ገጾቹን ከሩቅ ያየ ሰው ክፉ መምህር ያረመው የፈተና ወረቀት ይመስሉታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አራተኛ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ በላዩ ላይ «ለምን?» ተብሎ ተጽፎበታል። የምነግራችሁ ስለዚህ ዓምድ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ መስመር ላንብብላችሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሽልማቱ የአሜሪካ ነውና። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025፣ ሎስ አንጀለስ። ዘርፉ የኮሜዲ ምርጥ ረዳት ተዋናይ። ከዕጩዎቹ አንዱ ሃሪሰን ፎርድ ነበር። በሲኒማው ዓለም ስንት ዘመን የገነነ ሰው በ83 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤሚ ሲታጭ ማን ደፍሮ ሌላ ይመርጣል ብዬ ስሙን በወፍራሙ ጻፍኩ። ታላቅ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እርሷ ከእነዚህ ድራማዎች አንዱንም አይታ አታውቅም። ዕጩዎቹ በየተራ ሲታዩ ፊታቸውን ብቻ ትመለከትና በጣቷ ትጠቁማለች። «ያኛው» አለችኝ። «ያኛው ሰውዬ ሊያጨበጭብ ነው የመጣው፤ ይሸልሙኛል ብሎ የመጣ አይመስልም። ለእርሱ ይስጡት።»

የጠቆመችው ጄፍ ሂለርን ነው። ሂለር የተጫወተበት ሰምበዲ ሰምዌር በካንሳስ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ተራ ሰዎችን ጓደኝነት የሚያሳይ ለስላሳ ድራማ ነው። ወሬ አልበዛለትም፤ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሶም ተሰናብቷል። እንዲህ ያለ ድራማ እንደማያሸንፍ በደብተሬ ውስጥ ሕግ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ለእህቴም ይህንኑ አስረዳኋት፤ ያውም በረጅሙ።

ፖስታው ተከፈተ፤ ጄፍ ሂለር።

መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ለ25 ዓመት ያህል ለዓለም «ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» ሲላት፣ ዓለምም መልሳ «ኮምፒውተር ብትሞክርስ?» ስትለው እንደኖረ ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ። እህቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቀይዋን እስክሪብቶ ከእጄ ወሰደችና ሃሪሰን ፎርድን ራሷ ሰረዘችው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል ልናገር። ለሰውየው ደስ አለኝ፤ ድራማውን እወደው ነበርና ልቤ ሞላ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። የከፋኝ ስለ ፎርድ አይደለም፤ እርሱ ያለ እኔ ሐዘኔታም ይኖራል። የከፋኝ የምወደውን ድራማ ራሴ ስላላመንኩት ነው። ለካ ሌሎችም አይተውት ነበር! የሽልማት ምሽት በተመልካች ላይ የሚሠራው ይህንን ነው። የሚሸለመው ተዋናዩ ቢሆንም፣ ፍርዱ የሚነበበው በእኔ ላይ ይመስለኛል። ለሦስት ዓመት፣ ለስድስት ዓመት፣ ማታ ማታ ከነዚያ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ኖሬአለሁ፤ አሁን አንድ የማላውቀው ሰው ፖስታ ይከፍትና ያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይነግረኛል። ሲያሸንፍ «ብዬ ነበር» እላለሁ፤ ሲሸነፍ «ምን ያውቃሉ?» እላለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞኝነት ናቸው፤ ይህን የተረዳሁት «ለምን?» የሚለውን ዓምድ መሙላት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከተሰረዙት ስሞች አብዛኞቹን የሰረዘው የማንም ጣዕም አይደለም። ደንብ ነው። ተመልካች ሁሉ ከአሸናፊው ጋር ይጣላል፤ መጣላት ያለበት ግን ከድምፅ መስጫው ወረቀት ጋር ነው።

ወደ ድምፅ መስጫው ከመግባቴ በፊት ስለ ሐውልቷ ጥቂት። ኤሚ ሦስት ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ቁመቷ 39 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ክንፍ ያላት ሴት ናት፤ በእጆቿ ወደ ላይ የያዘችው ኳስ የሚመስለው ነገር አቶም ነው። ክንፉ የኪነ ጥበብ፣ አቶሙ የሳይንስ ምልክት መሆኑ ነው። ንድፉን ያወጣው ሉዊስ ማክማነስ የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ ለመልኳ ሞዴል የሆነችው የገዛ ሚስቱ ናት። ስሙ የመጣው ደግሞ ከአንድ የካሜራ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ምስል የሚይዝበት ቱቦ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ኢሚ» እየተባለ ይቆላመጥ ነበር፤ ሐውልቷ ሴት ስለሆነች «ኤሚ» ተባለ። የመጀመሪያው ሽልማት ጃኑዋሪ 25 ቀን 1949 በሎስ አንጀለስ ተሰጠ። የመግቢያ ዋጋው አምስት ዶላር ነበር። የዚያን ምሽት የቴሌቪዥን ድንቅ ሰው ተብላ የተሸለመችው ሸርሊ ዲንስዴል አሻንጉሊት በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ የምታናግር ወጣት ነበረች። ይህን እወደዋለሁ። ዛሬ በዚህ ሽልማት ምክንያት ራት ሳይበላ የሚያድረው ተመልካች ሁሉ፣ ነገሩ በአንዲት ልጅና በአንድ የእንጨት አሻንጉሊት እንደተጀመረ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ድምፅ የሚሰጡት የቴሌቪዥን አካዳሚ አባላት ናቸው፤ ከ20,000 በላይ ይሆናሉ። በየሙያቸው ይቧደናሉ። ተዋንያንን የሚመርጡ ተዋንያን ናቸው፤ ዳይሬክተሮችን ዳይሬክተሮች፣ ጸሐፊዎችን ጸሐፊዎች። ምርጥ ድራማና ምርጥ ኮሜዲ የሚባሉትን ትልልቅ ዘርፎች ግን ሁሉም ይመርጣል። የታጨ ተዋናይ ከዓመቱ ሥራው አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ያቀርባል። ልብ በሉ፣ አንድ ክፍል ነው። እኔ ተዋናዩን አሥራ ሦስት ሳምንት ተከትዬው፣ በአምስተኛው ሳምንት በሩን ዘግቶ ዝም ያለባትን ቅጽበት አንገቴ ላይ እንደ ማተብ አስሬ እዞራለሁ፤ መራጩ ግን ያየው ምናልባት የጮኸበትን ክፍል ይሆናል። ስለ አንድ ሰው የምንከራከር ይመስለናል እንጂ ያየነው ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

በፊት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ወይም የተሻለ፣ እንደ ተናዳጁ ነው። እስከ 2014 ድረስ የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጡት በፈቃደኝነት የተሰበሰቡ ጥቂት አባላት ነበሩ፤ የቀረበላቸውን ቅጂ ቁጭ ብለው ማየት ነበረባቸው። በዚህም ምክንያት ማንም ያልጠበቀው ስም ድንገት ይወጣ ነበር፤ አንድ ጥሩ ክፍል አንድ ጥሩ ዓመትን ያሸንፍ ነበር። ከ2015 ጀምሮ በሩ ለሁሉም አባል ተከፈተ። በዚያው ሰሞንም ዕጩዎችን በደረጃ ማስቀመጥ ቀርቶ፣ ለአንዱ ብቻ ምልክት ማድረግ መጣ።

ይቺ ሁለተኛዋ ለውጥ ትንሽ ትመስላለች። አይደለችም። መቶ መራጭ አለ እንበል፤ ዕጩዎቹ አምስት ናቸው። አንደኛው 25 ድምፅ ቢያገኝ፣ ሌሎቹ 20፣ 19፣ 18 እና 18 ቢካፈሉ፣ ባለ 25ቱ ያሸንፋል። ሰባ አምስቱ ሰው አልመረጠውም። እንዲያውም ሰባ አምስቱ ከአምስቱ ሁሉ መጨረሻ ሊያስቀምጡት የሚፈልጉት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ይህን የሚናገሩበት ቦታ አልሰጣቸውም። እንዲህ ባለ ስሌት የሚጠቀመው በብዙ ሰው ዘንድ ሁለተኛ ሆኖ የሚወደደው ሥራ አይደለም፤ የራሱ ጽኑ ወገን ያለው፣ በዚያ ሰሞን ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት ሥራ ነው። መራጩም ሰው ነውና፣ ሃያ ድራማ ለማየት ጊዜ ከሌለው ያየውን አንዱን በየዘርፉ እየመረጠ ይወርዳል።

በ2020 ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ወረርሽኙ ዓለምን የዘጋበት ዓመት ነው። ጂሚ ኪምል ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ይመራል፤ ዕጩዎቹ በየቤታቸው ናቸው፤ ሐውልቷን የሚያደርሱት እንደ ሙሉ ልብስ ተደርጎ የተሰፋ የበሽታ መከላከያ ቱታ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ሺትስ ክሪክ የተባለው የካናዳ ኮሜዲ ሰባቱንም ትልልቅ የኮሜዲ ዘርፎች ጠቀለላቸው። ይህ ድራማ አራት ምዕራፍ ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይታጭ የኖረ ነው፤ እኔም ከነዚያ ከጥንቶቹ ተመልካቾች ነኝ፣ ያኔ ስሙን ስጠራ ሰው «ምን?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሐውልት ስትሰጥ ዘለልኩ። በሁለተኛዋ አጨበጨብኩ። በሦስተኛዋ ፈገግ አልኩ። በአራተኛዋ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። በአምስተኛዋ ላይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲሸነፉ ተመኘሁ። የምወደው ድራማ ነው! ነገር ግን አሸናፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሲታወቅ ፖስታው ፖስታ መሆኑ ይቀራል። በማግስቱ ዓመት ዘ ክራውን ሰባቱንም የድራማ ዘርፎች በተመሳሳይ መንገድ ወሰደ። «ለምን?» በሚለው ዓምድ ለሁለቱም የጻፍኩት አንድ ነገር ነው፦ አንድ ምልክት።

የመጠቅለል ነገር ሲነሣ ካንዲስ በርገንን ሳልጠቅስ አላልፍም። መርፊ ብራውን በተባለው ኮሜዲ አምስት ጊዜ ተሸልማ ሲያበቃ፣ ከዚያ በኋላ ዕጩ አታድርጉኝ ብላ ራሷን አገለለች። ይህን ያህል ጨዋነት በተሸናፊ ላይ እንኳ አላየሁም።

ሌላው የጠብ ምንጭ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ በዚህ ላይ አልቆይም። የውድድሩ ዓመት ከጁን 1 እስከ ሜይ 31 ነው፤ ሽልማቱ በሴፕቴምበር ይሰጣል። በዚህ ላይ በ2023 ጸሐፊዎችና ተዋንያን ሥራ ስላቆሙ የዚያ ዓመት ሽልማት ወደ ጃኑዋሪ 2024 ተገፋ። ዘ ቤር ያን ምሽት የተሸለመው በ2022 ክረምት ለታየው የመጀመሪያ ምዕራፉ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ከታየ ወራት አልፎታል። ተመልካቹ ሁለተኛውን ምዕራፍ እያሰበ ይደሰታል ወይም ይቆጣል፤ ሽልማቱ ግን የአምናው ነው። ስንቱ ክርክር በዚህ ስህተት ላይ የቆመ እንደሆነ ብትቆጥሩ ትገረማላችሁ።

ዘ ቤርን ካነሣሁ የዘርፍን ነገር ላውጣው፤ እዚህ ላይ ደሜ ይፈላልና። ዘ ቤር አንድ የሳንድዊች ቤት ለማዳን የሚዳክር፣ ወንድሙ ራሱን ያጠፋበት ወጣት ታሪክ ነው። ሲያስቅ ያስቃል፤ ነገር ግን ከአንዳንዱ ክፍል በኋላ መተንፈስ ይከብዳል። የሚወዳደረው በኮሜዲ ነው። ምክንያቱ ከቀልዱ ይልቅ ርዝመቱ ነው፤ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ተከታታይ ሥራ ኮሜዲ፣ አንድ ሰዓት የሚወስድ ደግሞ ድራማ ተብሎ የመቆጠር የቆየ ልማድ አለ። በሴፕቴምበር 2024 ዩጂን ሌቪና ልጁ ዳን ሌቪ መድረኩን ሲከፍቱ፣ የዘ ቤርን መንፈስ ለማክበር ሲባል ቀልድ አንናገርም አሉ። አዳራሹ ፈነዳ። ሰው በዚህ ልክ የሚስቀው በቀልድ ብቻ አይመስለኝም፤ ሁሉም በልቡ ይዞት የነበረውን ነገር አንድ ሰው ሲያወጣው ነው። ዘ ቤር በዚያ ዓመት 11 ሽልማት ወስዶ ለኮሜዲ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የምሽቱን ትልቁን፣ ምርጥ ኮሜዲ የሚባለውን ግን ሃክስ የተባለው ሌላ ኮሜዲ ነጠቀው። ብዙዎች ደነገጡ። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን በደስታ ያነሣሁባት ብቸኛዋ ምሽት እርሷ ናት።

የዘርፍ ነገር ምን ያህል የሰው ሥራ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ኡዞ አዱባ በኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ አንዲት እስረኛን ትጫወታለች። በ2014 ድራማው ኮሜዲ ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር የኮሜዲ ተጋባዥ ተዋናይት ተብላ ተሸለመች። በ2015 ያው ሥራ ወደ ድራማ ተዛወረ፤ እርሷም የድራማ ረዳት ተዋናይት ተብላ ተሸለመች። ሴትዮዋ አንድ፣ ገጸ ባሕርይዋ አንድ፣ እስር ቤቱም አንድ። አንድ ዓመት አስቂኝ ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት አሳዛኝ ሆነች። የተለወጠው መዝገቡ ነው።

እስካሁን «ለምን?» ለሚለው መልስ ያገኘሁባቸውን ነው የነገርኳችሁ። አሁን ደብተሯን ወደ ኋላ ልግለጥ። እዚህ ገጾች ላይ አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

ቤተር ኮል ሶል። ከ2015 እስከ 2022 የታየ፣ ስድስት ምዕራፍ ያለው ድራማ። ተከታታዩ 53 ጊዜ ታጨ። አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ቁጥሩን ደግሜ አልጠራውም። ሲጀመር ምክንያት ነበረኝ፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ጌም ኦፍ ትሮንስ ወይም ሰክሰሽን ከፊቱ ቆመው ነበር፤ የመጀመሪያው ብቻውን በታሪኩ 59 ሽልማት የሰበሰበ ነው። ጥሩ፣ ምርጥ ድራማ የሚለውን ለእነርሱ ይስጡ። ግን የጽሑፉንስ? የድምፁንስ? የቅንብሩንስ? ሬይ ሲሆርን ኪም ዌክስለርን ስትጫወት፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይንቀሳቀስ አንድ ትዳር ሲያልቅ ማየት ይቻላል፤ የመጀመሪያ ዕጩነቷን ያገኘችው በመጨረሻው ምዕራፍ በ2022 ነው። ቦብ ኦደንከርክ ስድስት ጊዜ ታጭቶ ስድስት ጊዜ ለሌላ ሰው አጨበጨበ። በየዓመቱ ስሙን በመካከለኛው ዓምድ ጻፍኩ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ በመጨረሻ ግምት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሻማ ማብራት ሆኖብኝ ነበር። እህቴ አንድ ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው?» ብላኛለች።

ዘ ዋየርም እዚህ አለ። አምስት ምዕራፍ፣ ሁለት ዕጩነት፣ ሁለቱም ለጽሑፍ፣ ሽልማት የለም። ለእርሱ እንኳ ምክንያት ማበጀት ይቻላል፤ ከሆሊውድ ርቆ ባልቲሞር ተቀርጾ፣ በጊዜው ያየው ሰው ጥቂት ነበር። አንጄላ ላንስበሪ ግን በመርደር ሺ ሮት አሥራ ሁለት ምዕራፍ ተጫውታ ለአሥራ ሁለቱም ታጭታለች፤ ከሌላ ሥራዋ ጋር ሲደመር 18 ዕጩነት ይሆናል። ሁሉም ሰው ያያት ነበር። አንድም አላገኘችም። በየዓመቱ ተውባ መምጣት፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ፈገግ ማለት፣ ለሌላዋ ማጨብጨብ። አሥራ ሁለት ጊዜ! ለዚህ ፈገግታ የተለየ ዘርፍ ቢኖር ኖሮ ክብረ ወሰኑ የእርሷ ነበር።

ሱዛን ሉቺ ቢያንስ መጨረሻዋ አማረ። በቀን ለሚታዩ ድራማዎች በሚሰጠው ኤሚ 18 ጊዜ ተሸንፋ፣ በ1999 በአሥራ ዘጠነኛው ዕጩነቷ ስሟ ተጠራ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ፤ ጭብጨባው አልቆም ብሎ ለደቂቃዎች ቀጠለ፤ እርሷም እያለቀሰች ቆማ ጠበቀች። ጆን ሃምም በማድ ሜን ከዓመት ዓመት ሲሸነፍ ቆይቶ በ2015፣ ድራማው ካለቀ በኋላ፣ አሸነፈ። ደረጃውን ትቶ በሆዱ እየተንፏቀቀ ነው መድረኩ ላይ የወጣው። ከዚያ ድራማ ተዋንያን መካከል በትወና ኤሚ ያገኘ እርሱ ብቻ ነው፤ ከ2008 እስከ 2011 አራት ጊዜ ተከታትሎ ምርጥ ድራማ የተባለ ሥራ መሆኑን አትርሱ። ድራማውን የወደዱት ሰዎች፣ ተዋንያኑን በሰባት ዓመት ውስጥ አንዴም መምረጥ አቃታቸው። ዓምዱ ባዶ ነው።

ስለ ንግግሮቹ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ2025 መድረኩን የመራው ኔት ባርጋትዚ ለወጣቶች ድርጅት 100,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ ተሸላሚው ከ45 ሰከንድ በላይ በተናገረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሰከንድ 1,000 ዶላር እንደሚቀነስ፣ ካሳጠረ ደግሞ እንደሚጨመር ተናገረ። ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር። ሰው በሕይወቱ ትልቁን ምሽት ቆሞ እናቱን ሲያመሰግን፣ ከሥሩ የሕፃናት ገንዘብ እየቀለጠ ነው። ሌሊቱ ሳያልቅ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ በመጨረሻ ሰውየውና ጣቢያው ጨምረው 350,000 ዶላር ሰጡ፤ ይመስገናቸው። ቢሆንም ያን ምሽት ፊት ማየት ትቼ ቁጥር ሳይ ነው ያመሸሁት። ማሳጠር ለሚፈልግ ሜሪት ዌቨር በ2013 አሳይታለች፤ ሽልማቷን ተቀብላ «በጣም አመሰግናለሁ፤ መሄድ አለብኝ፤ ደህና ሁኑ» ብላ ወረደች። ማንም ሰዓት አልያዘባትም። ሸሪል ሊ ራልፍ ደግሞ በ2022 ንግግሯን በዘፈን ከፈተችው፤ በዚያች ምሽት ሰከንድ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ድምፅ የት ይገባ ነበር?

ወደዚያው 2025 ገጽ ልመለስና ላብቃ። ምርጥ የድራማ ተዋናይ በሚለው መስመር ላይ የጻፍኩት ኖዋ ዋይሊን ነው። ይህን ሰው የማውቀው ኢአር በተባለው የሆስፒታል ድራማ ነው፤ በ1994 ሲጀመር ነጭ ካባው የሚሰፋው የሕክምና ተማሪ ነበር። በዚያ ሥራ አምስት ጊዜ ታጭቶ አምስት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሁን ጢሙ ሸብቶ ዘ ፒት ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ሆኖ መጣ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ አሥራ አምስት ክፍል ነው፤ አሥራ አምስቱም ክፍል የአንድ ፈረቃ አሥራ አምስት ሰዓት ነው። ብዙ ዕጩነት የያዘው ሴቨራንስ የተባለው ድራማ ነበር፤ 27። እኔ ግን የልቤን ጻፍኩ። ፖስታው ተከፈተ፤ ኖዋ ዋይሊ። ንግግሩን የጨረሰው በዚያች ሌሊት ወደ ፈረቃ የሚገቡትንና ከፈረቃ የሚወጡትን በማመስገን ነው። ቀጥሎ ዘ ፒት ምርጥ ድራማ ተባለ። ሁለቱም መስመር ላይ የ«ትክክል» ምልክት አደረግሁ። ዓይኔን እየጠረግሁ ነው ያደረግሁት፤ አልደብቃችሁም።

እህቴ ደብተሯን ስባ ወሰደች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «እዚህ ጋ ለምን ባዶ ነው?» አለችኝ፤ ከትክክሎቹ ጎን ያለውን አራተኛ ዓምድ እያሳየችኝ። ትክክል ስሆን እንደማልጽፍበት ነገርኳት። «እንዴ! ስትሸነፊ ብቻ ነው ለምን የምትይው?» አለች። «ያው ወረቀት አይደለም እንዴ? ያው አንድ ምልክት፣ ያው አንድ ክፍል።» ሰዓቱ መሽቶ ነበርና መልስ አልሰጠኋትም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተነሣሁ።

ጠዋት ደብተሯን ስከፍት በዚያ ገጽ ላይ ሰባት የ«ትክክል» ምልክት አለ። ከእያንዳንዱ ጎን፣ በእርሷ እጅ ጽሕፈት፣ «ለምን?» ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን የመለስኩት ሁለቱን ነው።